የአምራቹ ጥሪ ለማን ይደርሳል? የመኪና ባለንብረትና የእርምት ማስታወቂያዎች



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ከዚህ መድረክ ዘወትር ከሚደመጡት ጋር ሲነጻጸር ተራ ሊመስል ይችላል። ስለ አዲስ የሞተር ንድፍ ወይም ስለ ነዳጅ ቁጠባ አልናገርም። የምናገረው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የመኪና አምራች ነው፤ ተቀባዩ ባለንብረቱ ነው፤ ይዘቱም «በሠራነው መኪና ላይ ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ስለተገኘ፣ ያለ ምንም ክፍያ እናስተካክለው ዘንድ መኪናዎን ያምጡልን» የሚል ነው። ዓለም ሪኮል ይለዋል። በአማርኛ ገና የጸና ስም ስላልወጣለት በዚህ ንግግሬ «የእርምት ጥሪ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልናገር።

ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀድም። የእርምት ጥሪ የሚላከው በመዝገብ ላይ ወደ ሰፈረ አድራሻ ነው። መኪናው ሲሸጥ፣ ሲለወጥ፣ ባሕር ሲሻገር አድራሻው እዚያው ይቀራል፤ ጉድለቱ ግን ከመኪናው ጋር ይጓዛል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የምንገዛ ሰዎች፣ ይኸውም በዚህ አዳራሽ ያለነው አብዛኞቻችን፣ ጥሪው እስኪደርሰን ብንጠብቅ አይደርሰንም። ፈልገን ልናገኘው ይገባል። ለመፈለግ ደግሞ ምን እንደሆነ፣ ከሌሎች የአምራች ማስታወቂያዎች በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥሪው የአምራቹ ቸርነት አይደለም፤ ሕግ የወለደው ግዴታ ነው። በአሜሪካ መሠረቱ በ1966 የወጣው የተሽከርካሪዎች ደኅንነት ሕግ ነው። አምራቹ ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት መኖሩን ሲያውቅ ለመንግሥቱ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያስታውቃል፤ የባለንብረቶችን አድራሻ ከተሽከርካሪ ምዝገባ አሰባስቦ ደብዳቤ ይልካል፤ ጉድለቱንም ያለ ክፍያ ያስወግዳል። ነጻነቱ ወሰን አለው፤ ጉድለቱ በታወቀበት ጊዜ መኪናው ለመጀመሪያ ገዢው ከተሸጠ ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው፣ ያለ ክፍያ የመጠገን ግዴታው ይቀራል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ለእኛ መንገዶች የምትናገረው ነገር አላት።

ጃፓን ደግሞ ለማስተማር የሚመች ክፍፍል አላት። በዚያ አገር የአምራች እርምጃ በሦስት ደረጃ ይመደባል። የመጀመሪያው ሪኮል ሲሆን መኪናው ሕግ ያስቀመጠውን የደኅንነት ደረጃ ሳያሟላ ሲቀር ወይም ላያሟላ ይችላል ተብሎ ሲሠጋ የሚወጣ ነው። ሁለተኛው የማሻሻያ እርምጃ ይባላል፤ ጉድለቱ የተጻፈውን ደረጃ ባይጥስም ለደኅንነት ወይም ለአካባቢ የሚያሰጋ ሲሆን ይወጣል። ሦስተኛው የአገልግሎት ዘመቻ ነው፤ ደኅንነትን የማይነካ ነገር ግን አምራቹ ጥራቱን ለማሻሻል የሚሠራው ጥገና ነው። ሦስቱም በባለንብረቱ እጅ ሲገቡ አንድ ዓይነት ወረቀት ይመስላሉ። አንዱን ችላ ብሎ መኖር ይቻላል፤ ሌላውን ችላ ማለት ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ባለንብረቱ ጨርሶ የማያየው አራተኛ ወረቀት አለ። አምራቹ ለወኪሎቹና ለጋራዦቻቸው የሚልከው የቴክኒክ አገልግሎት ማስታወቂያ ነው። «በዚህ ሞዴል ላይ ይህን ድምፅ ከሰማችሁ ይህን ዕቃ በዚህ ለውጡ» የሚል የመካኒክ መመሪያ ነው። ለመካኒኩ ጊዜ ይቆጥባል፤ እኛም ብናገኘው በግምት ዕቃ ከመለዋወጥ ያድነናል። ነገር ግን ነጻ ጥገና አያስገኝም። መኪናው በዋስትና ላይ ካልሆነ ወጪው የባለንብረቱ ነው። ይህን የሚሳሳቱ ሰዎች ብዙ አጋጥመውኛል፤ ማስታወቂያውን ከኢንተርኔት አትመው ወደ ወኪሉ ይሄዱና «ሪኮል አለ» ብለው ይሟገታሉ። ወኪሉ ሲመልሳቸው ተታለልን ይላሉ። አልተታለሉም፤ የያዙት ወረቀት ሌላ ነው።

ችግሩ የሚመጣው በእርምት ጥሪ መውጣት የነበረበት ነገር በጋራዥ ማስታወቂያ ታሽጎ ሲቀር ነው። የጄኔራል ሞተርስ የማስነሻ ቁልፍ ጉዳይ በዚህ ረገድ ከማውቃቸው ሁሉ የከፋው ነው። በአንዳንድ ሞዴሎቹ የቁልፉ ማብሪያ በውስጡ ያለው ምንጭ ደካማ ስለነበር፣ ከባድ የቁልፍ መያዣ ተንጠልጥሎበት መኪናው ሲንገጫገጭ ወይም የአሽከርካሪው ጉልበት ሲነካው ቁልፉ በጉዞ ላይ እያለ ዞሮ ሞተሩን ያጠፋ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ የመሪውና የፍሬኑ እገዛ ይቋረጣል፤ ኤርባጉም አይነፋም። በ2005 ኩባንያው ለወኪሎቹ ማስታወቂያ ላከ። መልእክቱ በግርድፉ፣ ደንበኞቻችሁ ከቁልፍ መያዣቸው ላይ አላስፈላጊ ነገር እንዲያወልቁ ምከሯቸው የሚል ነበር። የእርምት ጥሪው የወጣው በ2014 ነው። ጥሪው 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ያካተተ ሲሆን፣ በኋላ የተቋቋመው የካሣ ፈንድ 124 ሞቶችን ከዚህ ጉድለት ጋር አያይዞ ተቀብሏል።

በመካከል ላይ የሆነችውን አንዲት ነገር የምሕንድስና ተማሪዎቼ ልብ እንዲሏት እፈልጋለሁ። ማብሪያው በ2006 ገደማ ተሻሽሎ ነበር፤ የዕቃ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ አሮጌውንና አዲሱን በእጃቸው የያዙ መርማሪዎች ሁለቱ አንድ ናቸው ብለው ለረጅም ጊዜ ተቸገሩ። ሥዕል ላይ አንዲት የማሻሻያ ፊደል መጨመር የቢሮ ሥርዓት ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን አስቡ።

በዚያው ምርመራ ስለ ቃላት ምርጫም አንድ ነገር ይፋ ሆነ። ኩባንያው ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው የ2008 የሥልጠና ጽሑፍ ውስጥ በሪፖርት ላይ እንዳይጽፏቸው የተመከሩ 69 ቃላት ተዘርዝረው ነበር። «ጉድለት» የሚለው ቃል ከእነርሱ አንዱ ነው፤ በምትኩ «በንድፉ መሠረት አይሠራም» ይባል ተብሎ ነበር። ስለዚህ የአምራች ማስታወቂያ ስታነቡ ድምፁን ብቻ አትስሙ። ማስታወቂያው የሚጻፈው ሐኪም ለሕመምተኛ በሚናገርበት ጥንቃቄ ሳይሆን ጠበቃ ለፍርድ ቤት በሚጽፍበት ጥንቃቄ ነው። «ምናልባት»፣ «በአንዳንድ ሁኔታዎች»፣ «ሊከሰት ይችላል» የሚሉት ሐረጎች አደጋው ትንሽ መሆኑን አያመለክቱም። እኔ ተማሪዎቼን የማስተምረው አንቀጹን ዘልለው ሁለት ነገር እንዲፈልጉ ነው፤ ጉድለቱ ሲከሰት ምን ይሆናል የሚለውን፣ ከዚያም ጥገናው እስኪደረግ ባለንብረቱ ምን ያድርግ የሚለውን። «አያሽከርክሩ» ወይም «ከቤት ርቆ ውጭ ያቁሙ» የሚል ትእዛዝ ካለበት፣ የቀረው ለስላሳ ቃል ሁሉ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ታካታ ልግባ። ታካታ የጃፓን ኩባንያ ነበር፤ የመቀመጫ ቀበቶና ኤርባግ ይሠራ ነበር። ኤርባግ በግጭት ጊዜ በሺኛ ሴኮንዶች ውስጥ መነፋት ስላለበት፣ ከበስተጀርባው በብረት ቋት የታሸገ ፈንጂ መሰል ቅመም አለ። ቅመሙ ሲቀጣጠል ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ ከረጢቱን ይነፋል። ታካታ ለዚህ ተግባር የመረጠው አሞኒየም ናይትሬትን ነው፤ ለማዳበሪያነትና ለድንጋይ ማፈንጃነት የምናውቀውን ርካሽ ውሕድ። የዚህ ውሕድ ጠባይ መጥፎ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ ለዓመታት ሲፈራረቁበት፣ እርጥበት ሲገባበት፣ ተጨምቆ የተሠራው እንክብል ይላላል፤ ይቦረቡራል። የላላው እንክብል ሲቀጣጠል ከታሰበው በላይ በፍጥነት ይነድዳል፤ የብረት ቋቱም ግፊቱን መቋቋም አቅቶት ይፈነዳል። ያን ጊዜ ከረጢቱ መውጣቱ ይቀርና የብረት ስብርባሪ ወደ አሽከርካሪው ፊትና አንገት ይወረወራል።

በ2014 በፍሎሪዳ ኦርላንዶ ውስጥ አንዲት አሽከርካሪ ከግጭት በኋላ ስትሞት፣ በአንገቷ ላይ የነበረው ቁስል በስለት የተወጋች አስመስሏት ፖሊስ መጀመሪያ ነፍስ ግድያ ጠርጥሮ ነበር። ከሞተች ከሳምንት ትንሽ ዘግይቶ ከአምራቹ አንድ ደብዳቤ በቤቷ ደረሰ። የእርምት ጥሪው ነበር። በ2015 መጀመሪያ ደግሞ በቴክሳስ ሂውስተን አካባቢ አንድ ሰው ቀስ ብሎ በተነዳ መኪና፣ በቀላል ግጭት፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ሞተ። መኪናው የ2002 ሞዴል ነበር፤ ሟቹ የገዛው ከጥቂት ወራት በፊት ከያገለገሉ መኪኖች ሻጭ ነው። በዚያ መኪና ላይ የእርምት ጥሪ የወጣው በ2011፣ እርሱ መኪናውን ከማወቁ በፊት ነው። ጥገናው ግን አልተደረገም ነበር። ደብዳቤው ሳይላክ የቀረ አይደለም፤ መኪናው በሌላ ሰው እጅ በነበረ ጊዜ የወጣ ጥሪ ነበረና ቀጣዩ ገዢ አልያዘውም።

ጥሪው ራሱ እንዴት እንዳደገ ማየቱም ትምህርት አለው። በ2008 ሆንዳ የጠራው 4,000 ገደማ መኪኖችን ብቻ ነበር። በየዓመቱ ክበቡ እየሰፋ ሄዶ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል የኤርባግ መንፊያዎች ተጠሩ፤ በዓለም ዙሪያ ቁጥሩ ወደ 100 ሚሊዮን ይደርሳል። ታካታ በ2017 ኪሣራ አወጀ። የመለዋወጫ እጥረቱ ከባድ ስለነበር ለአንዳንድ መኪኖች መጀመሪያ የተገጠመላቸው ምትክ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ አዲስ በመሆኑ ለጊዜው ደኅና ነው፣ ሲያረጅ ግን እንደገና መለወጥ አለበት። ስለዚህ «ይህ መኪና ተጠርቶ ተሠርቷል» የሚል ቃል ብቻውን አያረካኝም። መቼ ተሠራ? የትኛው ጥሪ? ሌላስ ወጥቶበታል?

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሌላ አገር ነው። ወደ እኛ ልመለስ። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ቆማችሁ መኪና ብትቆጥሩ ቪትዝና ኮሮላ ሌላውን ሁሉ ይበልጡባችኋል። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ እስኪጥል ድረስ፣ አብዛኛው የቤት አውቶሞቢል ወደ አገራችን የሚገባው አገልግሎ ነበር። ከቪትዞቹ ብዙዎቹ በጃፓን ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ዱባይ ላይ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ መጥተዋል። ቶዮታ ከታካታ መንፊያዎች የተነሣ በዓለም ዙሪያ ከጠራቸው ሞዴሎች መካከል ኮሮላና ቪትዝ እንዳሉበት ደግሞ የታወቀ ነው።

አንድ እንዲህ ያለ መኪና የተጓዘበትን መንገድ እናስበው። የመጀመሪያው ባለቤት ጃፓን ውስጥ ነበር፤ አድራሻው በዚያ አገር መዝገብ አለ። መኪናው ለውጭ ሲሸጥ ከመዝገቡ ይሰረዛል። ዱባይ ላይ የገዛው ነጋዴ መሪውን ያዛውራል፤ በዚህ ጊዜ የዳሽቦርዱ ክፍል ተፈትቶ ይገጠማል፣ ኤርባጉ በቦታው ተመልሶ ይሁን በሌላ ተተክቶ ወይም ቀርቶ ገዢው አያውቅም። አዲስ አበባ ላይ በደላላ በኩል ሁለት ወይም ሦስት ሰው እጅ ያልፋል። አምራቹ ለአራተኛው ባለቤት ደብዳቤ ሊጽፍ ቢፈልግ እንኳ ለማን ይጽፋል? የ15 ዓመቱም ወሰን የአሜሪካ ሕግ ቢሆንም ስለ አንድ ነገር ያሳስባል፤ የጥሪ ሕጎች የታሰቡት መኪና በወጣትነቱ ላለበት አገር ነው፤ የእኛ መኪኖች ደግሞ ሃያ ዓመት ካለፋቸውም በኋላ ይሠራሉ። የታካታ መንፊያ የሚከፋው ሲያረጅ ነው። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ እርጅናውን እንደሚያዘገይ እቀበላለሁ፤ ሆኖም መኪናው ከዚህ በፊት ስንት ክረምትና በጋ የት እንዳሳለፈ አይታወቅም፤ ድሬዳዋና አፋርም የኢትዮጵያ መንገዶች ናቸው።

ታዲያ ባለንብረቱ ምን ይያዝ? የሻንሲ ቁጥሩን። ሊብሬያችሁ ላይ ተጽፏል፤ መኪናው ላይም ተቀርጿል፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ በራሱ የሚጠቅም ሥራ ነው። ለአሜሪካ፣ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠራ መኪና 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር ይይዛል። ከአኃዝ ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ አይገቡም፤ ሊብሬ ላይ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ የገልባጭ ስሕተት ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን አጭር ቁጥር አለው፤ የሞዴሉ መለያ፣ ጭረት፣ ከዚያም ተከታታይ ቁጥር። ይህን አጭር ቁጥር በአሜሪካው መፈለጊያ ውስጥ ብታስገቡት ምንም አያገኝም፤ «የእኔ መኪና ጥሪ የለበትም» ብሎ መደምደም ግን ትልቅ ስሕተት ነው። የተሳሳተ በር አንኳኩታችኋል። የጃፓን መኪና በአምራቹ የጃፓን ድረ ገጽ ላይ በሻንሲ ቁጥሩ ይፈለጋል፤ ገጹ በጃፓንኛ ቢሆንም የዛሬ ስልክ ይተረጉመዋል። ለአሜሪካ የተሠራው በትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል። ዋሽንግተንም ሆነ ዳላስ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው፤ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሻጭ ጥሪ ያለበትን አዲስ መኪና ሳያስተካክል ማስረከብ ቢከለከልም፣ ያገለገለውን ከመሸጥ የሚያግደው የለም።

መኪናችሁ ጥሪ ካለበት የውጤቱን ወረቀት ይዛችሁ ወደ አምራቹ ሕጋዊ ወኪል ሂዱ። መልሱ እንደ ጥሪው ይለያያል፤ ለሌላ ገበያ በተሠራ መኪና ላይ ወኪሉ የሚገጥም ዕቃ ላይኖረው ይችላል። ያም ቢሆን ጥያቄው በጽሑፍ መቅረቡና መልሱ በጽሑፍ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። የማልመክረው አንድ መንገድ አለ፤ ከሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ኤርባግ ገዝቶ ማስገጠም። ያ ኤርባግ የሚመጣው ምናልባት ከዚያው ዘመንና ከዚያው ፋብሪካ ነው። የሰፈር መካኒክም መሪውን ፈትቶ መንፊያውን እንዲመረምር አታድርጉ፤ በእጁ የሚይዘው ፈንጂ ነው።

ወደ ተቋማት ልምጣ፤ ለሕግ ባልደረቦቼ ያስቀመጥሁት ክፍል ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ነገር ግን ይህ በሻጭና በገዢ መካከል ያለ ውል ነው፤ ፋብሪካው በዚያ ውል ውስጥ የለም፤ ደላላው «እንዳለ ተቀበለኝ» ብሎ ያስፈርማችኋል። አራተኛው ገዢ በውል ሕግ ብቻ ወደ ፋብሪካው የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው። የሚበጀው ጥሪውን ከሰው ይልቅ ከመኪናው ጋር ማሰር ይመስለኛል፤ ይህንንም ያደረጉ አሉ። ጃፓን ከ2018 ጀምሮ አደገኛ የታካታ መንፊያ ሳይለወጥለት የቀረ መኪና የቴክኒክ ምርመራ እንዳያልፍ አደረገች። አውስትራሊያ በዚያው ዓመት በታሪኳ የመጀመሪያ የሆነውን የግዴታ የተሽከርካሪ ጥሪ አወጀች፤ መኪናው ካልተስተካከለ ምዝገባው እስከ መታገድ ይደርስ ነበር።

እኛም ዓመታዊ ምርመራ አለን፤ ያለ እርሱ ቦሎ አይለጠፍም። ፍሬን ይፈተሻል፣ መብራት ይታያል፣ የሻንሲ ቁጥር ይነበባል። ቁጥሩ አንዴ ከተነበበ በኮምፒውተር ከአምራቹ የጥሪ መዝገብ ጋር ማመሳከር የሚጠይቀው ተጨማሪ ድካም ምን ያህል ነው? ጥገናው እስኪገኝ መኪናውን ከሥራ ማገድ አሁን ባለንበት ሁኔታ ባለታክሲውን ያለ እንጀራ ማስቀረት ስለሚሆን አልደግፈውም። ለባለቤቱ «መኪናዎ ይህ ጥሪ አለበት» ብሎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚሰማው ቋንቋ በወረቀት መስጠት ግን ነገ ሊጀመር ይችላል።

ጉዳዩ ከአሮጌ መኪኖች ጋር የሚያልፍ እንዳይመስላችሁ። በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጎዳናችን በኤሌክትሪክ መኪኖች እየተሞላ ነው፤ ከእነርሱም ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ፣ በአምራቹ ወኪል በኩል ያልመጡ አሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ጥሪ ብዙ ጊዜ በሶፍትዌር ይፈጸማል፤ በ2023 መጨረሻ ቴስላ በአሜሪካ 2 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ጠርቶ ያስተካከለው መኪኖቹ ከቆሙበት ሳይንቀሳቀሱ በኢንተርኔት ነው። ከአምራቹ መረብ ጋር ያልተገናኘ መኪና ግን ይህ እርምት አይደርሰውም። በባትሪ ቃጠሎ የተነሣ የተጠራው የሼቭሮሌት ቦልት ባለቤቶች እስኪጠገን ድረስ ከ90 በመቶ በላይ እንዳይሞሉና ከቤት ርቀው እንዲያቆሙ ታዘዋል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በቻይንኛ ወጥቶ ቦሌ ወይም ሰሚት ባለ ግቢ ውስጥ ለሚያድር መኪና ባለቤት ማን ይነግረዋል?

የሻንሲ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ የመጣችሁ ተማሪዎች እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ ከጥያቄው ክፍለ ጊዜ በኋላ በላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች ላይ አብረን እንፈትሻቸዋለን። አሁን መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ፤ ከሕግ ትምህርት ቤት የመጣችሁ ባልደረቦች ብትጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።